መለያ ቁልፍ «አላውቅም» አይልም

የማያውቀውን ነፍሳት ወይም ተክል ስም ማግኘት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ሥዕል ማገላበጥ ነው። መጽሐፍ ወይም ስልክ ይከፍትና «ይህኛው ይመስለዋል» እስኪል ድረስ ምስል ከምስል ያስተያያል። ለጥቂት የታወቁ ፍጥረታት ይህ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ሳይንስ እስካሁን ስም የሰጣቸው የጢንዚዛ ዝርያዎች ብቻቸውን ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም ላልለመደ ዓይን ሁሉም ጥቁር ጢንዚዛ ናቸው። የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ያበጁት መሣሪያ መለያ ቁልፍ ይባላል፤ በትምህርት መጻሕፍት «ዳይኮቶመስ ቁልፍ» ተብሎም ይጠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ በእያንዳንዱ ደረጃ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያቀርባል። አንባቢው በእጁ ያለውን ናሙና ተመልክቶ እውነት የሆነውን ይመርጣል። በመረጠው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ወይ ቀጥሎ የሚሄድበት ቁጥር፣ ወይ ስም ተጽፏል። መንታ መንገድ ላይ በደረሰ ቁጥር አንዱን ትቶ ሌላውን እየያዘ ሲሄድ በመጨረሻ አንድ ስም ላይ ይቆማል።

ጉልበቱ ያለው ከመክፈሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የቀሩትን እጩዎች እኩል ለሁለት ቢከፍል፣ በ10 ጥያቄ 1,024፣ በ20 ጥያቄ ደግሞ 1,048,576 ዓይነት ፍጥረታትን መለየት ይቻላል። ተፈጥሮ እንዲህ በእኩል ስለማትከፈል በተግባር አንዱ መንገድ በሦስት ርምጃ ሲያልቅ ሌላው ሠላሳ ርምጃ ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ብዙ መቶ ዝርያዎችን የያዘ ቁልፍ እንኳ በጥሞና ለሚመለከት ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው።

ነገሩን በቃል ከማብራራት ትንሽ ቁልፍ ሠርቶ መሞከሩ ይሻላል። የሚከተለው ሰባት ፍጥረታትን ብቻ የሚለይ ነው።

1. ሀ. እግሮቹ ስምንት ናቸው — ወደ 2 ይሂዱ
 ለ. እግሮቹ ስድስት ናቸው — ወደ 3 ይሂዱ
2. ሀ. ረጅም ጅራት አለው፤ የጅራቱ ጫፍ መንደፊያ ነው — ጊንጥ
 ለ. ጅራት የለውም — ሸረሪት
3. ሀ. ክንፍ የለውም — ጉንዳን
 ለ. ክንፍ አለው — ወደ 4 ይሂዱ
4. ሀ. የፊት ክንፎቹ ጠንካራ ክዳን ሆነው ጀርባውን ሸፍነዋል — ጢንዚዛ
 ለ. የፊት ክንፎቹ ስስ ናቸው — ወደ 5 ይሂዱ
5. ሀ. ክንፎቹ ሁለት ናቸው — ዝንብ
 ለ. ክንፎቹ አራት ናቸው — ወደ 6 ይሂዱ
6. ሀ. ክንፎቹ ዱቄት በሚመስሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሸፍነዋል — ቢራቢሮ
 ለ. ክንፎቹ ብርሃን ያሳልፋሉ — ንብ

ሰባት ስሞች፣ ስድስት ጥንድ ጥያቄዎች። ጥያቄዎቹ ምንጊዜም ከስሞቹ በአንድ ያንሳሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድን ቡድን ለሁለት ስለሚከፍል መቶ ዝርያ ያለው ቁልፍ ዘጠና ዘጠኝ ጥንድ ይኖረዋል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ስም በቁልፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ ነው።

አሁን አበባ ላይ ያረፈ፣ ሆዱ ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለበት ነፍሳት እንውሰድ። ከሩቅ ያየው ሁሉ ንብ ነው ይላል። በቁልፉ እንሂድ፦ እግሩ ስድስት፣ ክንፍ አለው፣ የፊት ክንፉ ስስ ነው። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ክንፉን ስንቆጥር ሁለት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከክንፎቹ በስተኋላ ደግሞ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ ሁለት ጥቃቅን ዘንጎች አሉ፤ በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚያስጠብቁ የኋላ ክንፍ ቅሪቶች ናቸው። ይህ ዝንብ ነው። አበባ ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብለው የሚያንዣብቡ፣ መንደፊያ የሌላቸው፣ ነገር ግን የንብን ወይም የተርብን መልክ በመያዝ ከወፎች ጥቃት የሚድኑ ብዙ የዝንብ ዝርያዎች አሉ። የወፍን ዓይን ያታለለው ቀለም የሰውንም ያታልላል፤ የክንፍ ቁጥር ግን አያታልልም። ቁልፍ የሚጠቅመን በዚህ ነው። ቀልባችንን ከሚስበው ነገር አውጥቶ ወደሚለየው ነገር ይወስደናል።

በዚሁ ጥያቄ ላይ ተቃራኒው ስሕተትም ተደብቋል። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ነገር ግን የፊቱና የኋላው ክንፍ በጥቃቅን መንጠቆዎች ተያይዘው እንደ አንድ ክንፍ ይንቀሳቀሳሉ። ቸኩሎ የቆጠረ ሰው ሁለት አያለሁ ብሎ ንቧን ዝንብ ያደርጋታል። ስለዚህ የሠለጠነ የቁልፍ አዘጋጅ በአንድ ምልክት አይተማመንም። አምስተኛውን ጥንድ እንዲህ ያሰፋዋል፦ «ክንፎቹ ሁለት፤ አንቴናው አጭር» በአንድ በኩል፣ «ክንፎቹ አራት፤ አንቴናው ረዘም ያለ» በሌላ በኩል። ክንፉ ያጠራጠረው ሰው አንቴናውን ተመልክቶ ይወስናል። አንዱ ምልክት ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ከጠቆመው ደግሞ ቆም ብሎ እንደገና መመልከት እንዳለበት ያውቃል።

ይኸው ትንሽ ቁልፍ አንድ ትልቅ ጉድለቱንም እንዲያሳየን እንፍቀድለት። መዥገር እናምጣና እንጠይቀው። እግሩ ስምንት ነው፣ ጅራት የለውም፤ መልሱ ሸረሪት ይሆናል። ገና ከእንቁላል የወጣው የመዥገር እጭ ደግሞ እግሩ ስድስት ብቻ ነው፤ ክንፍ ስለሌለው ጉንዳን ተብሎ ይወጣል። የመራቢያ ጊዜያቸው ደርሶ ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖችን ብናስገባ አራት ብርሃን የሚያሳልፉ ክንፎች ስላሏቸው ንብ ይሆናሉ። ምስጥም ክንፍ ከሌለው ጉንዳን፣ ክንፍ ካለው ንብ ነው። ቁልፉ በአንዱም ቦታ አልተሰናከለም፤ በአንዱም ቦታ አላመነታም። የተጠየቀውን ሁሉ ወስዶ በእርግጠኝነት ስም ሰጠ።

መለያ ቁልፍ የሚያውቀው አዘጋጁ ያስገባለትን ብቻ ነው። ውስጡ የሌለ ነገር ሲመጣበትም ቅርብ ወደመሰለው ስም ይመራል እንጂ «ይህን አላውቅም» የሚል መውጫ የለውም። ስለዚህ በደንብ የተዘጋጀ ቁልፍ መጀመሪያ ላይ ወሰኑን ይናገራል፦ የየትኛው አካባቢ ፍጥረታት እንደሆኑ፣ የጎልማሳው ይሁን የእጩ፣ የወንዱ ይሁን የሴቷ፣ አበባ ላለው ተክል ይሁን ቅጠሉ ብቻ ለሚታይ። ብዙ ሰው ይህን መግቢያ ዘሎ በቀጥታ ወደ ቁጥር 1 ይሄዳል። በእኔ እምነት ከመለያ ቁልፍ ጋር የሚመጡት አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚጀምሩት ከዚያች ካልተነበበች አንቀጽ ነው።

ወሰኑን አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ከትንኞች በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የትንኝ ዝርያዎች ከ3,500 በላይ ናቸው። የሰውን ወባ የሚያስተላልፉት ግን በሙሉ አኖፌለስ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ከዚህ ወገን 450 በላይ ዝርያዎች መካከልም ዋነኞቹ አስተላላፊዎች 40 ገደማ ብቻ ናቸው። የትኛው ትንኝ የት እንዳለ የማያውቅ የወባ መከላከል ሥራ ኬሚካሉንም ጉልበቱንም በማይገባ ቦታ ያባክናል።

አኖፌለስን ከሌሎች ለመለየት ጭንቅላቷን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። መሐል ላይ ደም የምትመጥበት ቀጭን መውጊያ አለ፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት የአፍ ዳሳሾች ይገኛሉ። በሴት አኖፌለስ ላይ እነዚህ ዳሳሾች ከመውጊያው ርዝመት ጋር ይስተካከላሉ። ኩሌክስና ኤዲስ በሚባሉት ሌሎች የትንኝ ወገኖች ሴቶች ላይ ግን በጣም አጭር ናቸው። ምልክቱ ግልጽና አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም «ሴት» የምትለዋን ቃል የዘለለ ሰው ይወድቃል። የወንድ ኩሌክስ ዳሳሽም ረጅም ስለሆነ፣ ጾታውን ሳይለይ የገባ ሰው ደም እንኳ የማይመጥ ወንድ ኩሌክስን የወባ ትንኝ ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ የትንኝ ቁልፍ በቅድሚያ አንቴናውን ያስመለክታል፦ የወንዱ እንደ ላባ የጎፈረ ነው፣ የሴቷ ጥቂት ጸጉር ብቻ አለው። ጾታው ሳይታወቅ ወደ ዳሳሹ አይኬድም። የጥያቄዎች ቅደም ተከተል ለውበት የተደረገ አይደለም፤ የኋለኛው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው የፊተኛው ሲመለስ ነው።

ለእጮቹ ሌላ ቁልፍ አለ። የአኖፌለስ እጭ መተንፈሻ ቱቦ ስለሌላት ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ትተኛለች፤ የኩሌክስ እጭ ግን የጅራቷን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር እንኳ አያሻም።

ከዚህ በላይ የረቀቀው ጉዳይ አውሮፓ ውስጥ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ነው። አንዳንዱ አካባቢ አኖፌለስ ሞልቶ ሳለ ወባ አልነበረም፤ ሌላው አካባቢ በዚያው በሚመስል ትንኝ መካከል ሕዝቡ በወባ ያልቅ ነበር። ጎልማሳዎቹን ትንኞች በማንኛውም ቁልፍ ቢያስኬዷቸው ሁሉም አንድ ስም ላይ ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ዶሜኒኮ ፋሌሮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ትንኞቹ የጣሏቸውን እንቁላሎች ተመልክቶ፣ የእንቁላሎቹ መልክና ዝንጉርጉርነት ከአንዱ እናት ወደ ሌላዋ እንደሚለያይ አሳወቀ። ቀጥለው የተደረጉ ጥናቶች ነገሩን አጸኑት፦ አንድ ይባል የነበረው ዝርያ በእውነት ብዙ ዝርያ ነው፤ አንዳንዱ ሰውን ይነክሳል፣ አንዳንዱ ከብትን ይመርጣል። መልሱ በጎልማሳው አካል ላይ ስላልነበረ፣ የጎልማሳው ቁልፍ የቱንም ያህል ቢሻሻል ሊያገኘው አይችልም ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ዋና የወባ አስተላላፊ የሆነው አኖፌለስ ጋምቢየም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተደረጉ የማዳቀል ሙከራዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ «ጋምቢየዎች» ሲዳቀሉ የሚወለዱት ወንዶች መካን ሆነው ተገኙ፤ ይህም የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አመለከተ። ከእነዚህ መንታ መሳይ ዝርያዎች ውስጥ ክፉኛ ወባ የሚያዛምቱ አሉ፤ በአመዛኙ እንስሳትን ስለሚነክሱ ለወባ ሥርጭት ድርሻ የሌላቸውም አሉ። ዛሬ በዓይን የሚታይ ቁልፍ ባለሙያውን እስከዚህ ቡድን ድረስ ብቻ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የዘረመል ምርመራ ነው። ጥሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ሲደርስ የዝርያ ስም አይሰጥም፤ የቡድኑን ስም ጽፎ ይቆማል። ይህን የመሰለ መቆሚያ በአንድ ቁልፍ ላይ ሳይ በአዘጋጁ ላይ ያለኝ እምነት ይጨምራል።

የመለያ ቁልፍ ሐሳብ ስሙ የገነነው በፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ ሥራ ነው። ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1778 የፈረንሳይን ዕፅዋት የሚመለከት ሥራውን ሲያሳትም፣ ተክሎቹን በሁለት በሁለት በሚከፈሉ ጥያቄዎች አደራጅቶ አቀረበ። ከእሱ በፊት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ተክሎችን በአበባቸው ወንዴ አካላት ቁጥርና አቀማመጥ በ24 መደቦች ከፍሎ ነበር። የሊኔየስ አከፋፈል ለመጠቀም ቀላል ቢሆንም ዘመድ ያልሆኑ ተክሎችን አንድ ላይ ያጉር ነበር፤ ሊኔየስ ራሱም አከፋፈሉ ሰው ሠራሽ መሆኑን ያውቅ ነበር። በላማርክ ሥራ ውስጥ ግን ሁለቱ ጉዳዮች ተለዩ፦ ስም ማግኛው መንገድ ለብቻ፣ የፍጥረታት ዝምድና ለብቻ።

ይህ ልዩነት ዛሬም ብዙ ተማሪዎችን ያደናግራል። ቁልፍ የዘር ሐረግ አይደለም። ከላይ ያለውን ትንሽ ቁልፍ ተመልከቱ፦ ጉንዳን በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ፤ ንብ እስከ መጨረሻው ከቢራቢሮ ጋር ቆየች። በዝምድና ግን ጉንዳንና ንብ የአንድ ክፍለ መደብ ልጆች ናቸው፤ ቢራቢሮ ለሁለቱም ሩቅ ናት። ቁልፉ ጉንዳንን ቀድሞ ያስወጣው ክንፍ አለመኖር ለዓይን ቅርብ የሆነ ምልክት ስለሆነ ብቻ ነው። የቁልፍ ሥራ በአጭርና በአስተማማኝ መንገድ ስም ላይ ማድረስ ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደ ለማወቅ ሌላ ዓይነት ምርምር አለ።

ቁልፍ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው የትኛው ምልክት እንደማይታመን ነው። «ትልቅ» እና «ትንሽ» የሚሉ ቃላት ማወዳደሪያ ለሌለው አንባቢ ምንም አይነግሩም፤ ሚሊሜትር ግን ይናገራል። ቀለም በዕድሜ፣ በወቅትና በጾታ ይለዋወጣል፤ አልኮል ውስጥ የቆየ ናሙና ደግሞ ቀለሙን ያጣል። «ብዙውን ጊዜ» የሚለው ሐረግ በቁልፍ ውስጥ ሲገባ አንባቢውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። የሚመረጠው ምልክት በዝርያው አባላት ሁሉ ላይ የማይለወጥ፣ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የሚዋልል ነገር የማይተው መሆን አለበት። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮችም ስለ አንድ አካል መናገር አለባቸው። «ሀ» ስለ ቅጠል፣ «ለ» ስለ አበባ ከተናገሩ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንባቢውም የሚመርጠው ያጣል።

በተክሎች ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክለው ጥያቄ «ቅጠሉ ነጠላ ነው ወይስ ድርብርብ?» የሚለው ነው። እንደ ግራር ባሉ ተክሎች ላይ ቅጠል መስሎ የሚታየው እያንዳንዱ ትንሽ ነገር የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፍል ነው። ማረጋገጫው እንቡጡ ነው። እውነተኛ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበት እንቡጥ አለው፤ የቅጠል ክፍል የሆነው ግን በሥሩ እንቡጥ የለውም። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ሰው የዛፍ ቁልፍ ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ብዙዎቹን ያመልጣል።

ናሙናው እንዴት እንደተሰበሰበም ውጤቱን ይወስናል። ይህ በእንጉዳይ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው መርዛማ እንጉዳይ በዓለም ላይ በእንጉዳይ መመረዝ ለሚሞቱ አብዛኞቹ ሰዎች ምክንያት ነው። ዋነኛ መለያዎቹ ከጥላው በታች ያሉት ነጭ ስንጥቆች፣ በአንገቱ ላይ ያለው ቀለበትና ከግንዱ ሥር የሚገኘው ከረጢት መሳይ ሽፋን ናቸው። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። እንጉዳዩን ከአፈሩ በላይ በቢላ ቆርጦ የወሰደ ሰው ወሳኙን ምልክት መሬት ውስጥ ትቶት ሄዷል፤ ቁልፉ «ከግንዱ ሥር ከረጢት አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» ይላል። የመመረዙ ምልክት የሚጀምረው ከበሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ሕመሙ ሲሰማ መርዙ ጉበትን መጉዳት ጀምሯል። በቁልፍ ውስጥ «የለም» እና «አላየሁትም» አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። የምበላውን እንጉዳይ በቁልፍ እለያለሁ ብሎ የሚያስብ ጀማሪ ካለ፣ አጥብቄ የምለው አትሞክሩት ነው፤ ይህ በአካል የሚያሳይ ልምድ ያለው ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው።

የኮምፒውተር መምጣት አንዱን የቆየ ችግር አቃልሏል። በወረቀት ላይ ያለ ቁልፍ አምስተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ወደ ስድስተኛው አያሳልፍም፤ ናሙናው አበባ ከሌለውና ጥያቄው ስለ አበባ ከሆነ መንገዱ እዚያው ይዘጋል። በኮምፒውተር የሚሠሩ ባለ ብዙ መግቢያ ቁልፎች ግን ተጠቃሚው ከሚታየው ምልክት እንዲጀምር ይፈቅዳሉ። ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ግንዱ ወይም ስለ ፍሬው የሚያውቀውን በፈለገው ቅደም ተከተል ያስገባል፤ ፕሮግራሙም የማይስማሙትን እያስወጣ የቀሩትን ይዘረዝራል። ከስልክ ፎቶግራፍ ስም የሚገምቱት መተግበሪያዎች ሌላ ነገር ናቸው። እነሱ የሚሠሩት በመመሳሰል ነው፤ ለመነሻ ይጠቅማሉ፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ይሆናሉ፤ ነገር ግን ፎቶው ላይ ያልወጣውን የትንኝ ዳሳሽ ወይም የተቀበረውን ከረጢት ሊያዩ አይችሉም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 ካናዳዊው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ እንስሳትን በአንዲት አጭር የዘረመል ቁራጭ መለየት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ፤ ዘዴው «የዲኤንኤ ባርኮድ» በሚል ስም ተስፋፍቷል። እግር ብቻ ወይም እጭ ብቻ ሲገኝ ውጤታማ ነው። ሆኖም ቁራጩ የሚነጻጸርበት መዝገብ ላይ ያለው ስም መጀመሪያ የተሰጠው ናሙናውን በዓይኑ መርምሮ በለየ ባለሙያ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ መዝገቡም ይሳሳታል።

ስም ላይ ሲደረስ ታዲያ ምን ይደረግ? የዚያን ዝርያ ሙሉ መግለጫ ፈልጎ ናሙናውን ከራስ እስከ እግር ማነጻጸር ነው። ቁልፉ ያስጠየቀው አምስት ወይም ስድስት ምልክት ብቻ ነበር፤ መግለጫው ሌሎች ሃያ ይዘረዝራል። ያልተጠየቁት ከተስማሙ ስሙ ጸንቷል። ዝርያው የሚኖርበት አካባቢና ወቅትም መመሳከር አለበት፤ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ከሚታወቅበት ቦታ ውጭ የተገኘ ስም ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ስም ነው። በየትኛው ጥንድ ላይ እንደተጠራጠሩ በማስታወሻ መያዝም ትልቅ ጥቅም አለው። መጨረሻው ካልተስማማ ወደ ቁጥር 1 መመለስ ሳያስፈልግ ወደዚያ ጥርጣሬ ተመልሶ ሁለተኛውን መንገድ መሞከር ይቻላል።

በጥንቃቄ የተሠራ ሁሉ ተሠርቶ፣ ሁሉም መንገድ ተሞክሮ፣ ናሙናው ከየትኛውም መግለጫ ጋር አልስማማ የሚልበት ጊዜም አለ። ያኔ ናሙናው የተገኘበት ቦታ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ተጽፎበት ይቀመጥና ቡድኑን ለሚያጠና ባለሙያ ይላካል። ባለሙያው ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ያስተያየዋል። በእርግጥ አዲስ ዝርያ ከሆነ መግለጫው ከስሙ ጋር ይታተማል፤ ናሙናውም የዚያ ስም መመስከሪያ ሆኖ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁልፉን ቀጥሎ የሚያሻሽለው ሰውም አንድ አዲስ ጥንድ ይጨምርበታል።